የወለደች አትመስክር

እህቴ የቢሮውን መስኮት ብረት ይዛ ቆማለች። አጠገቧ የቆመችው ልጇ ናት፤ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ ቀኑን ሙሉ አምጣ የወለደቻት። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት እናትና ልጅን በየተራ አየና ቅጹን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ፣ «መወለዷን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይዛችሁ ኑ» አለ።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ የኔ ልጅ?» አለች እህቴ።

«እርስዎማ እናቷ ነዎት እማማ።»

«እኮ!»

«እናት አይሆንም። ባለጉዳይ ነዎት። የሚያስፈልገው ገለልተኛ ሰው ነው።»

እህቴ ዝም አለች። የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቱን ምሽት እያሰበች፣ በዚያ ቤት ውስጥ ገለልተኛ የነበረ ሰው እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። አልነበረም። አዋላጇ ጎረቤት የእህቴን ጉልበት ይዛ አብራ ታምጥ ነበር። አባትየው ደጅ ላይ ይንጎራደድ ነበር። እኔ በማግሥቱ ገንፎውን ከጨረሱት አንዱ ነኝ፤ እንኳን ገለልተኛ ልባል ጥቅም ያገኘሁ ወገን ነኝ።

ምስክሮቹ የተገኙት ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ነው። ሦስቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሦስቱም መታወቂያቸውን ለመምዘዝ እንዲመች ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ይውላሉ። ትንሹ፣ ለመወለዷ ከሚመሰክርላት ሴት በስምንት ዓመት ያንሳል። ከመፈረሙ በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ስሟን ማን ልበል?» አለኝ። ነገርኩት። «የእናትየውንስ?» እናትየው ክንዱ ሥር ቆማ ነበር። ነገርኩት። ፈረመ። እሷ ያልታመነችበትን እሱ በአንድ ፊርማ ታመነበት፤ ሒሳቡ ሦስት ሻይ፣ ሦስት ቦምቦሊኖና «ለታክሲ» የተባለ ነገር ሆነ።

ይህ የሆነው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ገና የምንመለስበት ጉዳይ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ስዊድናዊ አግብታለች። ሰውየው ሱሉልታ የመጣው ሊሮጥ ነበር። በ2,700 ሜትር ከፍታ ግድም ያለውን ስስ አየር ፍለጋ ባሕር ተሻግረው እየመጡ፣ በዚያ ብርድ ገና ጎህ ሳይቀድ ሜዳውን የሚዞሩ ፈረንጆች አሉ፤ እሱም አንዱ ነው። ሊሮጥ መጥቶ ተያዘ። ሠርጉ ተሠረገ፣ መልሱ ተበላ፣ አማቻችን አገሩ ገባ፤ የቀረው ሚስቱን መውሰድ ነው። ለዚህ የስዊድን የፍልሰት መሥሪያ ቤት፣ ሚግራሾንስቬርኬት የሚሉት፣ የሚጠይቀው ነገር አለው። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ማን ናት? መቼ ተወለደች? የት? የማን ልጅ ናት? ከዚህ በፊት አግብታ ታውቃለች? ሠርጉ ላይ ከተገኘው ዘመድ አንዱን ቀስቅሰህ ብትጠይቀው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርልሃል። ችግሩ በወረቀት ይሁን መባሉ ነው።

አማቻችን የራሱን ድርሻ በስልክ ላከልን። አንድ ገጽ ናት፤ ፐሹንቤቪስ ይሏታል። መቼና የት እንደተወለደ፣ የት እንደሚኖር፣ ማንን እንዳገባ ተጽፎባታል። ከየት አመጣሃት ስንለው፣ ቡናው እስኪፈላ ኩሽና ቁጭ ብሎ ከኮምፒውተሩ እንዳተማት ነገረን። እህቴ፣ «ምስክር ሳያቆም?» አለች። በዚያ አገር መወለድን፣ ማግባትን፣ ስም መቀየርንና መሞትን መዝግቦ የሚይዘው ማን ቢሆን ደግ ነው? ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት። ድሮ የቄሶች ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሱ የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን እንዲጽፍ አዘዘ፤ ቄሶቹም ሦስት መቶ ዓመት ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ተሰጠው፤ በ1991 ደግሞ መዝገቡን ለግብር ሰብሳቢው አስረከቡ። 1991 ማለት የእህቴ ልጅ የተወለደችበት ዓመት ነው። እዚያ ቄስና ቀራጭ መዝገብ ሲረካከቡ፣ እዚህ እኛ ገንፎ እየበላን ነበር።

ቄስ አጥተን አይደለም። ብራናም አላጣንም። በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ንጉሡ ለደብሩ የሰጡትን መሬት ከነወሰኑ፣ ወሰኑን የሚያፈርሰውን ከነእርግማኑ ስንጽፍ ኖረናል። ልጅ ግን እንደ መሬት አይገፋ፤ ማን ይወስድብናል ብለን እንጻፈው? ሕግም አጥተን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ ይስፈሩ ብሎ በዝርዝር ደንግጓል፤ ማን ይጽፋል፣ በምን ዓይነት መዝገብ ይጽፋል፣ ስህተት ቢገኝ እንዴት ይታረማል፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጾች አልፈህ መጨረሻው ግድም ስትደርስ፣ ይህ የመዝገብ ነገር ትእዛዝ ወጥቶ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ድረስ ሥራ ላይ አይውልም ይልሃል። «ነገ ና» ማለት ነው፣ በሕግ ቋንቋ። ነገ ሳይመጣ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ። ሃምሳ ስድስት ዓመት። አዋጁ፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የእህቴ ልጅ ያኔ ሃያ አምስት ሊሞላት ነበር፤ በጥቂቱ አርፍዳለች።

መቼም የቸገረን ለእኛ ብለን አይደለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ለመወለድሽ ማስረጃ አለሽ?» ያላት ሰው አልነበረም፤ መኖሯን እያዩ እንዴት ይጠይቋታል? ተወልዳ ለመገኘት ፈረንጅ ማግባት ነበረባት።

አሁን ስለ መንገዱ። ልጅቷ የተወለደችው ሰበታ ነው። አክስቷ ዘንድ አድጋ የተማረችው ቡራዩ ነው። ሥራ ይዛ፣ ቤት ተከራይታ መታወቂያ ያወጣችው ሱሉልታ ነው። ሦስቱም አዲስ አበባን ተደግፈው የበቀሉ ናቸው፤ ግን ጀርባቸውን ተሰጣጥተው። ሰበታ በጅማ መንገድ ነው፣ ታክሲው ከአየር ጤና ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ነው፣ በአስኮ በኩል። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ነው፣ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥተህ። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ እንደገና መውጣት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከእነ ለገጣፎና ገላን ጋር ተጠቃለው ሸገር የሚባል አንድ ከተማ ሆኑ፤ አሥራ ሁለት ክፍለ ከተማ ያለው፣ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት የከበበ። ጣቱ የሌላ፣ ቀለበቱ የሌላ። እኛም ከዚያ ወዲህ አንድ ከተማ ውስጥ ነው የምንመላለሰው፤ ታክሲ የምንቀይረው ግን እንደ ድሮው አራት ጊዜ ነው።

መጠቃለሉ ለወረቀቱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ፓስፖርቷ የተወለደችው ሰበታ ነው ይላል። አዲሱ ወረቀት ሸገር ከተማ፣ ሰበታ ክፍለ ከተማ ይላል። አማቻችን በስልክ፣ «ሁለት ቦታ ነው እንዴ የተወለደችው?» አለ። አይደለም፣ ልጅቷ አንድ ቦታ ተወልዳ ቁጭ ብላለች፤ ከተማዋ ናት ስሟን የቀየረችው አልነው። በሱ አገር ስም የምትቀይር ሴት እንጂ ከተማ አያውቅም።

የስም ነገር ከተነሣ። የእህቴ ልጅ ስም በ«ጥ» ይጀምራል። በፓስፖርቷ ላይ «ጥ» በላቲን ፊደል «ቲ» ሆናለች። በልደት ወረቀቷ ላይ በቁቤ ተጽፋለች፤ በቁቤ ደግሞ «ጥ» «ኤክስ» ናት። ማንም አልተሳሳተም። ቁቤ የኦሮምኛ ይፋ ፊደል የሆነው በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ልጅቷ ሁለት ወር ሳይሞላት ነው፤ ደንቡን ጠብቆ የጻፋት ሠራተኛ ያለ «ኤክስ» ምርጫ የለውም። አማቻችን ወረቀቱን ሲያይ ግን ደነገጠ። «እኛ ዘንድ ኤክስ ማለት ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው» አለ። የአያቷ ስም በ«ጫ» ይጀምራል፤ ፊደሏም በአንዱ ወረቀት «ሲ» ብቻ፣ በሌላው «ሲ» ከነ «ኤች» ሆናለች። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ፊት «ቲ» የተጨመረባት ሦስተኛ ዓይነትም አለች፤ የዚያን ዘመን መምህር ፈረንሳይኛ ሳይሞክር አልቀረም።

አያትየው ራሳቸው ደግሞ ያልጠበቁት ክብር ነው የገጠማቸው። በፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም በሚባለው ቦታ የሚሰፍረው የአያት ስም ነውና፣ እዚያ ስትሄድ የምትጠራው በሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና በሕይወታቸው ከወሊሶ ወዲያ ያልሄዱ ሰው፣ በስቶክሆልም በር ላይ የፖስታ ሳጥን ሊኖራቸው ነው። የመብራት ሒሳብ ይመጣላቸዋል።

ፈረንጁም ከስም ጣጣ አላመለጠም። የአባቱ ስም ውስጥ አናቷ ላይ ትንሽ ክብ ያላት «ኤ» አለች፤ በነሱ ፊደል ራሷን የቻለች ሌላ ፊደል ናት። ለሠርጉ ያመጣውን ወረቀት ኮፒ ያደረገልን ልጅ ክቧን አየት አደረገና የማሽኑ ቆሻሻ መሰለችው። ሥራ ወዳድ ልጅ ነው። ፍሉድ አውጥቶ አጠፋት፣ እፍ እፍ ብሎ አደረቃት፣ «አሁን ጥርት አለ ጋሼ» አለኝ። ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት የሙሽራውን ቀለበት አወለቀበት።

እንግዲህ ያኔ ከሠርጉ በፊት ሁለቱም ያላገቡ መሆናቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። እሱ ከአገሩ ያመጣው ወረቀት የተሰጠው እንደተለመደው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። እኛ ትርጉሙን አስደርገን፣ ማኅተሙን አስመትተን አቀረብን። ሠራተኛዋ አነበበችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና አነበበችው።

«ይሄ እኮ የገቢዎች ወረቀት ነው።»

«አዎ።»

«እኛ የጠየቅነው ያላገባ መሆኑን ነው።»

«ያላገባ መሆኑን ነው የሚለው።»

«ገቢዎች ምን አገባው?»

አማቻችን ምን እንዳለች እንድተረጉምለት ክንዴን ያዘኝ። አማርኛዬ እንጂ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለምና ቃል በቃል ነገርኩት፤ የግብር መሥሪያ ቤታችሁ ማንን እንዳገባ እየጠየቀች ነው አልኩት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ በትሕትና፣ ላጤ ይመስለኛል አለ።

የልጅቷ ያላገባ ማስረጃ ደግሞ የራሱ ሰልፍ ነበረው። የመጀመሪያው ቢሮ እዚህ የገባሽበትን መሸኛ አምጪ አላት። ሁለተኛው መሸኛ የምሰጥሽ አንቺም ስትመጪ መሸኛ ካስገባሽ ነው አላት። ሦስተኛው ፋይሏን ፈልጎ አጣው። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ አዛብቼዋለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ሲስተም አልነበረም፤ በአንዱ ሲስተም ነበር፣ መብራት አልነበረም፤ በአንዱ ሁለቱም ነበሩ፣ ማኅተም ያዥዋ ለቅሶ ሄዳ ነበር። «ቦሩ ኮቱ» እና «ነገ ነይ» አንድ ቀን ማለታቸው እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ፣ «ፋይዳ አለሽ?» ሲላት ልጅቷ ተሰድባ መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዲሱን የመታወቂያ ቁጥር ማለቱ ነበር።

ወደ ልደቷ ቀን ልመለስ፤ ያሠቃየን እሱ ነው። እህቴ እንደምትለው ልጅቷ የተወለደችው ደርግ በወደቀ ዓመት፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሠፈር ልጆች ችቦ ሲለኩሱ ነው። ይኸውም ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ናት፤ ልደት አክብሩልኝ የማትል ምስኪን ልጅ ወለድሽ እንላት ነበር። ልጅቷ ስታድግ አክስቷ ቡራዩ ወስዳ ትምህርት ቤት ልታስመዘግባት ሄደች። በዚያ ዘመን የዕድሜ ማስረጃ የሚሰጠው ክንድ ነበር፤ ቀኝ እጅ በአናት ላይ ዞሮ ግራ ጆሮን ከነካ ለአንደኛ ክፍል ደርሷል። የእህቴ ልጅ አንገቷን ዘመም አድርጋ ነካች። መምህሩ ቀኑን ሲጠይቅ ጳጉሜን 6 አሉት። ፊቱን ቋጠረ። «ለጳጉሜን ቦታ የለኝም፤ መስከረም 1 እንበላት፤ ዓመቱ ያው 83 አይደል?» አለና ጻፈ።

ያው ነው። ለእኛ 83 ምንጊዜም 83 ነው። ግን መስከረም 1 ቀን 1983 ዓመቱ የገባበት ቀን ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓመቱ የወጣበት። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞሩ የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1990 ይሆናል፤ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991። ወሩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዓመቱ ሁለት። ፓስፖርቷ በትምህርት ማስረጃዋ ስለወጣ 1990 ይላል። የልደት ወረቀቷ በእናቷ ቃል፣ በሦስቱ ምስክሮች አፍ ተላልፎ ስለወጣ 1991 ይላል። እዚያ ማዶ ማመልከቻውን ለሚያየው ሰው እነዚህ መንታ እህትማማቾች ናቸው፤ አንደኛዋ ዓመት ሙሉ ዘግይታ የወጣች።

ይህን ሁሉ ለአማቻችን ላስረዳ ስልክ ይዤ አንድ ሰዓት ቆምኩ። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ የሚለውን እስከዚያ ቀን የቱሪስት ማስታወቂያ ብቻ ይመስለው ነበር። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ እውነተኛው የትኛው ነው?» አለኝ። እህቴ ከጀርባዬ ሰምታ፣ «የወለድኳት ቀን ነዋ!» ብላ ጮኸች። እሷ ግን ገለልተኛ አይደለችም።

ወረቀት የሚያውቅ አንድ ጉዳይ ገዳይ መከረን። ፓስፖርት ማስቀየር ረጅም ነው፣ ውድ ነው፤ የልደት ወረቀቱን ማሳረም ይቀላል አለ። ስለዚህ ትክክሉን በስህተቱ አስተካከልነው። ለማሳረም ግን ማመልከቻ፣ የአምስት ብር ቴምብር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና፣ አዎ፣ ሦስት ምስክሮች አስፈለጉ። ሻይ ቤቱ አልተዘጋም ነበር። እነዚያው ሦስት ልጆች፣ በዚያው እርግጠኝነት፣ አይ ለካ አንድ ዓመት ቀድማ ነው የተወለደችው አሉና ፈረሙ። በስምንት ዓመት ያንሳት የነበረው ትንሹ ምስክር፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በዘጠኝ ዓመት አነሰ።

እህቴ የታረመውን ወረቀት ተቀብላ ደጋግማ አየችው። ልጇን ከወለደችበት ቀን አንድ ዓመት ቀድማ እንደወለደች ተጽፏል። «ይሁና፣ ለሷ የሚበጃት ከሆነ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች። ከዚያ ከውጭ ጉዳይ ቀጠሮአችን ሁለት ቀን በፊት፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ወስዳ ላሚኔት አስደረገችው። ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቅላው አገኘሁ። ወርቃማ ጠርዝ ሁሉ አለው። ውጭ ጉዳይ ሄዶ የሚረጋገጥ ወረቀት ነው፣ ማኅተም ደግሞ ፕላስቲክ ላይ አይዝም። በካውያ አሞቅነው፤ በጥፍር ጀመርነው፤ የአያትየው ስም ከፕላስቲኩ ጋር ተላጦ መጣ። «በሉ ተዉት፣ እኔ ሄጄ ልጁን እለምነዋለሁ» አለች እህቴ፤ መስኮቱ ላይ ያለውን ወጣት ማለቷ ነው። አሁን ስሙን ታውቃለች፤ የእናቱን ጤንነትም ትጠይቀዋለች። ምትኩን በሦስተኛው ቀን ሰጣት። ሲስተም እንጂ ሰው መች ክፉ ሆኖ።

የጋብቻው ማስረጃ ብቻ ነው ያለ ችግር የሄደው፤ ስለዚህ ብዙ የሚባልለት የለም። ለፎቶው ግን ላመስግን። ማመልከቻው ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ፎቶ ይፈልጋል ሲባል እህቴ ሦስት አልበም ይዛ ከተፍ አለች። ሁለት መቶ አርባ ፎቶ። ሙሽሮቹ ያሉበትን ስንፈልግ አሥራ አንድ አገኘን፤ የቀረው አክስቶች፣ ድንኳን፣ ቁርጥ የሚቆርጥ ሰውዬና ማን እንደጠራው ያልታወቀ አንድ ባለ ሱፍ ነው። በአሥራ አንዱም ላይ ባልና ሚስት ፎቶግራፍ አንሺው እንዳዘዛቸው እንደ ሐውልት ደርቀው ቆመዋል። የሚዋደዱ የሚመስሉት በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ባለ ሱፉ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲያጎርሰው የሚስቁበት።

ሁሉም ተሟልቶ ገባ። መልሱን እየጠበቅን ሳለ አማቻችን ደወለ። ልጅቷ ስትሄድ እናቷም ብርዱ ሲያልፍ መጥታ ትጠይቀን፣ ቲኬቱን እኔ እችላለሁ አለ። ደግ ልጅ ነው። እህቴ ደስታዋን ጨርሳ ሳትጨርስ፣ ለመሄድ ፓስፖርት፣ ለፓስፖርት የልደት ወረቀት እንደሚያስፈልጋት ትዝ አለን።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ነበርን። ወጣቱ እህቴን ሲያይ ተነሥቶ ሰላም አላት፤ ቅጹን ሰጣት፤ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «መቼም ያውቁታል እማማ» አለ። ዞር ስንል ትንሹ ምስክር ሻይውን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ እየመጣ ነው።

«ማዘር፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«መቼ ልበል?»

«ንጉሡ ኢዮቤልዩ ያከበሩ ዓመት ነው ትለኝ ነበር እናቴ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። 1948 ብዬ ነገርኩት። መዳፉ ላይ ጻፈ።

«ወሩስ?»

«ወሩን እንጃ። ብርድ ነበር ብላኛለች፤ ውሃው በእንስራ ውስጥ ረግቶ ያደረ ቀን።»

«ታኅሣሥ ይሁን» አለ ልጁ፣ ቅጹን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ። «ብርዱን እንኳን እኔም አልረሳውም።» ፈረመ።